በሐሰት ላይ የቆመ ሰላም
ስለ ባትማን ሦስተኛና የመጨረሻ ፊልም በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምናገርለት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቁም ነገር ለለመደ ሰው የማይገባ ቀላል ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ጭምብል አጥልቆ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ በሌሊት ከሰገነት ወደ ሰገነት እየዘለለ ወንበዴዎችን ስለሚያሳድድ ሰው የተሠራ ፊልም ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ከባዱን ምክር በተረት ጠቅልለው ማቅረብ ልማዳቸው ነበረ። አንበሳና ቀበሮ ሲሟገቱ የሚሰማ ሕፃን አራዊት ይናገራሉን ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማን በደለ፣ ማንስ ተበደለ፣ ፍርዱስ ለማን ሆነ ብሎ ነው። እኛም ዛሬ ጭምብሉንና ካባውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ በዚህ ተረት ውስጥ ስለ ተቀመጠው ፍርድ እንነጋገር። ፍርዱ ከማንም ይልቅ በሕዝብ ሥራ ላይ የተቀመጠውን ሰው የሚመለከት ነውና።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ባትማን፣ ትርጓሜውም «የሌሊት ወፍ ሰው» የሆነው ባለታሪክ፣ ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተፈጥሮ በ1939 ዓ.ም. በሥዕላዊ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ሌሎቹ ልዕለ ኀያላን ጀግኖች ከሌላ ዓለም መጥተው ወይም ተአምራዊ ጉልበት አግኝተው ሲነሡ፣ ይህኛው ግን ከሀብቱ፣ ከብልሃቱና ከቍጣው በቀር ምንም የተለየ ኀይል የለውም። እውነተኛ ስሙ ብሩስ ዌይን ነው። ጎታም በምትባል ልብ ወለድ ከተማ የሚኖር የባለጠጋ ልጅ ሲሆን፣ በሕፃንነቱ አባቱና እናቱ በወንበዴ ጥይት በፊቱ ሲወድቁ አይቷል። አድጎ ጭምብል ያጠለቀው ያ ሌሊት በሌላ ልጅ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ይህን ታሪክ በለንደን የተወለደው የፊልም አዘጋጅ ክሪስቶፈር ኖላን በሦስት ክፍል አቀረበው። የመጀመሪያው «ባትማን ቢጊንስ» በ2005፣ ሁለተኛው «ዘ ዳርክ ናይት» በ2008፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» በ2012 ዓ.ም. ለተመልካች ቀረቡ። የመጨረሻውን ስም ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የጨለማው ፈረሰኛ ተነሣ» እንደ ማለት ነው። በሦስቱም ክፍሎች ብሩስ ዌይንን ሆኖ የሠራው ክሪስቲያን ቤል፣ የፖሊሱን መኰንን ጄምስ ጎርደንን ሆኖ የሠራው ጋሪ ኦልድማን፣ የቤቱን አሽከርና አሳዳጊ አልፍሬድን ሆኖ የሠራው ደግሞ ማይክል ኬን ነው።

ሦስተኛ ክፍል ማቅረብ ለማንኛውም አዘጋጅ ጭንቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው «ሱፐርማን» እና በ2007 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው «ስፓይደርማን» ብዙ ወዳጆቻቸውን ቅር አሰኝተው አልፈዋል። የኖላን ጭንቅ ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ጆከር የተባለውን ክፉ ሰው ሆኖ የሠራው ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. በ28 ዓመቱ ስለ ሞተ፣ ታላቁ የኦስካር ሽልማት በ2009 ዓ.ም. የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። አዘጋጁም በመጨረሻው ፊልም ውስጥ የጆከርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላስጠራም። ስለዚህ ሦስተኛው ክፍል የተጀመረው ከሁሉ የሚበልጠው ተዋናይ በሌለበት ሜዳ ነበር ማለት ነው።

የእነዚህ ፊልሞች ወዳጆች እስከ ዛሬ ድረስ በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። የሚበዙት ሁለተኛው ይበልጣል ይላሉ። እኔም ሁለተኛው በአሠራሩ ጥራት እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ሁለተኛው ክፍል አንድ ከባድ ዕዳ ተበድሮ የሄደ ፊልም ነው፤ ዕዳውን የከፈለው ሦስተኛው ነው። አበዳሪንና ከፋይን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ደግሞ ፍትሕ አይሆንም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዕዳ ነው።

የሁለተኛውን ክፍል ፍጻሜ እናስታውስ። ሃርቪ ዴንት የተባለ የጎታም ዐቃቤ ሕግ ነበረ። ጉቦ የማይቀበል፣ ወንበዴ የማይፈራ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተስፋ የጣለበት ሰው ነው። ጆከር የሚወዳትን ሴት ገደለበት፤ የፊቱም እኩሌታ በእሳት ተቃጠለ። በዚህ ጊዜ አእምሮው ተናውጦ በበቀል ሰው መግደል ጀመረ፤ በመጨረሻም የጎርደንን ትንሽ ልጅ ሊገድል በያዘበት ሰዓት ባትማን ደርሶ ሕፃኑን አዳነ፣ ዴንትም ወድቆ ሞተ። እንግዲህ ሕዝቡ ይህን ቢያውቅ ተስፋው ይጠፋል፤ ዴንት ያሳሰራቸው ወንበዴዎችም ክሳቸው ይፈርሳል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ባትማን የዴንትን ወንጀል በራሱ ላይ ጭኖ ሸሸ፤ ጎርደንም ዴንት እንደ ጻድቅ፣ ባትማን እንደ ነፍሰ ገዳይ እንዲቈጠሩ ተስማማ።

ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ይህን ፍጻሜ በአድናቆት ተቀበልነው። ስሙን ለሕዝብ ሰላም የሚሠዋ ሰው ማየት ልብን ይነካልና። አዘጋጁ ግን አድናቆታችንን አምኖ አልተኛም። አራት ዓመት ቈይቶ ተመለሰና፣ በዚያ ሐሰት ላይ የተሠራው ቤት እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛው ፊልም ሲከፈት ስምንት ዓመት አልፏል። ጎታም ጸጥ ብላለች። በዴንት ስም አንድ ሕግ ወጥቷል፤ በዚያም ሕግ የተያዙት ወንበዴዎች በአመክሮ የመፈታት መብት ተነፍጓቸው በወህኒ ቤት ይኖራሉ። በየዓመቱ የዴንት ቀን ይከበራል። ጎርደን አሁን የፖሊስ ኮሚሽነር ነው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ትታዋለች። ከንቲባውም በመጪው የጸደይ ወራት ሊሽረው አስቧል፤ በጦርነት ጊዜ ጀግና ቢሆንም ዘመኑ የሰላም ስለ ሆነ አያስፈልግም ተብሎ ይታማል። ባለሥልጣን የሚታማበትን የግብዣ አዳራሽ የሚያውቅ ሰው ይህን ትንሽ ትርኢት ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በዚያ በዓል ላይ ጎርደን እውነቱን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ መድረክ ይወጣል። ወረቀቱን ይመለከታል፤ ሕዝቡን ይመለከታል፤ ከዚያም ጊዜው ገና አልደረሰ ይሆናል ብሎ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከታል። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ሁሉ መዝጊያና መክፈቻ ይህች የታጠፈች ወረቀት ናት። ብዙ ተመልካች አውሮፕላን በአየር ላይ ሲሰባበርና የእግር ኳስ ሜዳ ሲደረመስ እያየ ሲደነግጥ ወረቀቷን ይረሳታል። ነገር ግን ከተማይቱን ያፈረሰቻት ከፈንጂው ይልቅ እርስዋ ናት።

ልብ በሉ፤ ጎርደን ሌባ አይደለም። ከሐሰቱ አንዲት ሳንቲም አላተረፈም። እንዲያውም ልጁን ሊገድልበት የነበረውን ሰው በየዓመቱ ቆሞ እንዲያወድስ ተገድዷል። በሐሰቱ ምክንያት ወንበዴ ቀንሷል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ያለ ሥጋት ወደ ጎዳና ይሰዳሉ። አንድ ሹም ሐሰትን ለሕዝብ ጥቅም ሊይዝ የሚችልበት ጉዳይ ቢኖር ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ፊልሙ ጥያቄውን ያቀረበው ለክፉ ሹም ሳይሆን ለደግ ሹም በመሆኑ ነው ሊመሰገን የሚገባው። ክፉ ሹም ሲዋሽ ማየት ለማንም ትምህርት አይሆንም፤ ደግ ሹም ሲዋሽ ማየት ግን እያንዳንዱን ሰው ወደ ገዛ ጠረጴዛው ይመልሰዋል።

ከዚህ በኋላ ቤይን የተባለው ጠላት ይመጣል። እርሱን ሆኖ የሠራው ቶም ሃርዲ ነው፤ አፉና አፍንጫው በብረት ጭምብል የተሸፈነ ስለ ሆነ ኀዘኑንና ቍጣውን በዐይኑ ብቻ ገልጦ መጫወቱ ያስደንቃል። የቤይን ሰዎች ጎርደንን ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ ቦይ ይዘው ሲፈትሹት ያችን ወረቀት አገኙ። ቤይንም ከተማይቱን በያዘ ጊዜ በወህኒ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ በሕዝብ ፊት አነበባት። የወህኒውም በር ተሰብሮ እስረኞቹ የጦር መሣሪያ ታደላቸው።

በዚህ ስፍራ የሚያስፈራው ነገር ቤይን አለመዋሸቱ ነው። ያነበበው ቃል ሁሉ እውነት ነው፤ ጽሕፈቱም የጎርደን የራሱ እጅ ጽሕፈት ነው። እውነት በወዳጅ አፍ ሳትነገር ስትቀር በጠላት አፍ ትነገራለች፤ ያን ጊዜም የምትሠራው ለጠላት ነው። ጎርደን በዓሉ ዕለት አንብቧት ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ይቈጣ ነበር፤ እርሱም ምናልባት ይሻር ነበር፤ ሕጉም እንደ ገና ይመረመር ነበር። ይህ ሁሉ ግን በሸንጎና በፍርድ ቤት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እርሱ ባለማንበቡ ጉዳዩ በጠመንጃ አለቀ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ለመጽናኛ ይነገራል፤ ነገር ግን ንጋቱን የሚያመጣው ማን እንደ ሆነ አይናገርም።

ወጣቱ የፖሊስ መኰንን ብሌክ፣ እርሱን ሆኖ የሠራው ጆሴፍ ጎርደን ሌቪት፣ ይህን በሰማ ጊዜ ወደ አለቃው ዞሮ ሲጠይቅ ሽማግሌው የሚመልሰው ምክንያት ከባድ ነው። ሕግ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የእግር ብረት የሚሆንበት ሰዓት እንዳለ፣ በዚያ ሰዓት እጁን በጭቃ ነክሮ የሌላውን እጅ በንጽሕና የሚያቈይ ወዳጅ እንደሚያስፈልግ ያስረዳዋል። ብሌክ ግን የኮሚሽነሩም እጅ የቈሸሸ መሆኑን በአጭር ቃል ይነግረዋል። ልጁ ያልተረዳው ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ ሽማግሌው በዚያ ሌሊት በልጁ ላይ የተደቀነውን ሞት ያየ ሰው ነው። ቢሆንም ልጁ አልተሳሳተም። በሁለቱ መካከል ፊልሙ ፈራጅ አያቆምም፤ ተመልካቹን ራሱን ፈራጅ አድርጎ ይተወዋል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ሁለተኛ ሐሰት አለ፤ ይህም ስለ ቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። ብሩስ ዌይን ሬቸል የምትባል የልጅነት ወዳጁ ሳትሞት ኖሮ ታገባኝ ነበር ብሎ ያምናል፤ በዚህም ኀዘን ስምንት ዓመት ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። እርስዋ ግን ከመሞትዋ በፊት ዴንትን ለማግባት መቍረጥዋን በደብዳቤ ጽፋ ነበር። አልፍሬድ ጌታው እንዳያዝን ብሎ ደብዳቤውን አቃጠለ። በመጨረሻው ፊልም ግን፣ ያሳደገው ልጅ ወደ ሞት ሲሄድ ባየ ጊዜ፣ ማንም ሳያስገድደው እውነቱን ነገረው። ዋጋውንም እንደሚከፍል አውቆ ነው የነገረው፤ በእርግጥም ከፈለ፤ ዕድሜውን ካገለገለበት ቤት ወጥቶ ሄደ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች አስተያዩ። ጎርደን የሕዝብ ሹም ሆኖ እውነቱን በኪሱ ያዘ፤ ጠላት ከኪሱ አወጣበት። አልፍሬድ የቤት አሽከር ሆኖ እውነቱን በገዛ አፉ ተናገረ፤ እንጀራውንና ልጁን አጣ። ነገር ግን የአልፍሬድ እውነት ማንንም አልገደለችም። ማይክል ኬን በዚያ ትርኢት ላይ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሲናገር የሰማ ሰው፣ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ በሚፈጀው በዚህ ፊልም ውስጥ ከፍንዳታዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ድምፅ ያ እንደ ሆነ ይመሰክራል።

የፊልሙ እኩሌታ ላይ ባትማን በቤይን ተሸንፎ ጀርባው ተሰብሮ በሩቅ አገር በሚገኝ የጕድጓድ ወህኒ ይጣላል። ወህኒው በር የለውም፤ በላዩ ሰማይ ይታያል። እስረኛ ሁሉ ወገቡን በገመድ ታስሮ ግድግዳውን ለመውጣት ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ ገመዱም ይይዘዋል። ብሩስ ዌይንም ደጋግሞ ሞክሮ ወደቀ። በመጨረሻ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ፣ ሞትን አለመፍራቱ ብርታት ሳይሆን ድካም እንደ ሆነበት ነገረው። ስለዚህ ገመዱን ትቶ ወጣ። በዚያ ትርኢት የሚሰማውን የሕዝብ ዝማሬ ለማዘጋጀት የሙዚቃው ደራሲ ሐንስ ዚመር በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የፊልሙ ወዳጆች ድምፃቸውን ቀድተው እንዲልኩለት ጠይቆ ነበር። ጀግናው ሲወጣ ከበታች የሚያበረታቱት ድምፆች በከፊል የወዳጆቹ ናቸው ማለት ነው።

የገመዱም ነገር ከወረቀቷ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። የዴንት ሐሰት ለጎታም ገመድ ነበረ። ስትወድቅ ይይዛታል ተብሎ የታሰረላት ነው። ነገር ግን በገመድ የታሰረ ሰው ጕድጓዱን እንደማይወጣ ሁሉ፣ በሐሰት የተደገፈች ከተማም ከሥጋትዋ አልወጣችም፤ ሥጋትዋን ዐይኗን ጨፍና ቈየች እንጂ።

አድማጮች ሆይ፤ ወዳጅ ነኝ ማለት ጕድለትን መሸፈን አይደለምና የፊልሙን ጕድለትም ልናገር። የተሰበረ ጀርባ በጡጫ ሲጠገን ማየት ሐኪም ያለበትን ቤት ሁሉ ያስቃል። ብሩስ ዌይን ያለ ገንዘብና ያለ ፓስፖርት ከሩቅ በረሓ ተነሥቶ ድልድዮችዋ ወደ ተቈረጡባት ከተማ እንዴት እንደ ገባ አይነገረንም። ወራት ሙሉ ከመሬት በታች ተዘግተው የቈዩት ፖሊሶች ሲወጡ ከጸጕር አስተካካይ ዘንድ የመጡ ይመስላሉ። ገና ከፊልሙ መውጣት በፊት የመክፈቻው ክፍል ለብቻው በታየ ጊዜ የቤይን ንግግር አይሰማም የሚል ቅሬታ ከተመልካቾች ተነሥቶ ነበር።

እነዚህ ግን ቀላል ናቸው። ከባዱ ጕድለት ሌላ ነው። ቤይን ወረቀቷን ካነበበ በኋላ የጎታም ሕዝብ ምን አለ? ስምንት ዓመት ሙሉ በዓል ያከበረው ተራ ሰው፣ ዳቦ ሻጩ፣ አስተማሪው፣ የመዝገብ ቤት ጸሓፊው ምን ተሰማው? ፊልሙ አያሳየንም። ሽፍቶችና ፖሊሶች በጎዳና ሲፋለሙ እናያለን፤ የተታለለው ሕዝብ ግን በመስኮቱ ጀርባ እንደ ተሸሸገ ይቀራል። ሁለተኛው ክፍል ተራ ሰዎችን በሁለት መርከብ አሳፍሮ፣ አንዱ ሌላውን በፈንጂ እንዲያጠፋ ተፈትኖ እንቢ ሲል አሳይቶን ነበር። ሦስተኛው ስለ ሕዝብ እውነት የማወቅ መብት እየተናገረ ለሕዝቡ ቃል መንፈጉ ያሳዝናል።

ለዚህ ጕድለት ትንሽ ካሳ የሚሆነው ፎሊ የተባለው ምክትል ኮሚሽነር ነው። ይህ ሰው ሹመት የሚጠብቅ፣ ነፋሱ ወደሚነፍስበት የሚያዘነብል ዓይነት ነው። ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ተሸሸገ። ጎርደን ደጁን አንኳኵቶ ቢጠራውም አልወጣም። በመጨረሻው ቀን ግን የክብር ልብሱን ለብሶ በሰልፉ ፊት መጣ፤ በዚያም ወደቀ። ስለ እርሱ ዝማሬ የለም፤ ሐውልትም የለም። ነገር ግን ጀግንነት ዘግይቶም ሊመጣ እንደሚችል ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር በፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንምጣ። ባትማን ፈንጂውን በበረራ መሣሪያው ጎትቶ ወደ ባሕር ወሰደው፤ ከሩቅም ፈነዳ። ከተማይቱ ሞቷል ብላ አለቀሰች፤ ሐውልትም አቆመችለት። የዌይን ቤት ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ ሆነ። በመቃብሩ ላይ ጎርደን በ1859 ዓ.ም. ከወጣው የቻርልስ ዲክንስ ስለ ሁለት ከተሞች ከሚተርከው መጽሐፍ ጥቂት ቃል አነበበ። በኋላ ግን የበረራ መሣሪያው ራሱን ችሎ የሚነዳበት ክፍል አስቀድሞ ተጠግኖ እንደ ነበረ ይታወቃል። አልፍሬድም በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ፣ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ቀና ሲል፣ ያሳደገውን ልጅ ከሴሊና ካይል ጋር አየው። አልተነጋገሩም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ ብቻ።

በዚህ ጊዜ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዱን ሐሰት ሲኰንን የዋለ ፊልም በሌላ ሐሰት ተፈጸመ አይደለምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሳይመልሱ ማለፍም አይገባም።

እኔ አንድ ስውር ነገር ሲያጋጥም ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል እላለሁ። ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? በላዩ ላይ ሕግ ቆሟልን? የተሰወረውን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ፍርድ ይሰጥ የነበረ ሰው አለን? በዴንት ጉዳይ ሸክሙን የተሸከሙት በአመክሮ የመፈታት መብት የተነፈጉት እስረኞች ናቸው። ወንበዴ ናቸው ብንል እንኳ ፍርዳቸው በእውነት ላይ መቆም ነበረበት። በሐሰቱ ላይ ሕግ ቆሟል። ሕዝቡም ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ፍርድ ሊሰጥ ይችል ነበር። በባትማን ሞት ግን ሕግ አልቆመም፤ የታሰረም የለም። ሐውልቱም የቆመው እውነት ለተሠራ ሥራ ነው። ሸክም ቢኖር የአልፍሬድ እንባ ነው፤ እርሱንም የፍሎረንሱ ሰላምታ አብሶታል። አንዱ ሐሰት የሕዝብን ፍርድ የሰረቀ ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን የጨረሰ ሰው የሚያርፍበት ዝምታ ነው። የመንግሥት ምስጢርና የሰው ገመና አንድ አይደሉም፤ ፊልሙም ይህን ልዩነት የተረዳ ይመስለኛል።

ደግሞም በዚህ ፍጻሜ ሌላ መልካም ነገር አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ብሎ የሚተርት ዓለም ውስጥ፣ ኀይሉን በእጁ እያለ ትቶ የሄደ ሰው ማየት ብርቅ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ሠሪዎች ገንዘብ ቢሹ ኖሮ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ለማውጣት የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ክፍል እያንዳንዳቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋልና። ኖላን ግን ታሪኩ ተፈጸመ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አዘጋጆች በሌሎች ተዋንያን ሌላ ባትማን አቅርበዋል፤ ይህኛው ግን በሦስት ተዘግቶ ቀርቷል።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ግን ባትማን ፈንጂውን ይዞ ከመሄዱ በፊት ከጎርደን ጋር የተለዋወጠው ቃል ነው። ጎርደን ሕዝቡ የሚያድነውን ጀግና ማንነት ማወቅ አለበት ብሎ ሲጠይቅ፣ ባትማን በቀጥታ ስሙን አይናገርም። ጀግና ማንም ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋል፤ ወላጆቹ በሞቱበት ሌሊት በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ ካፖርት የደረበና ዓለም ገና እንዳላለቀች የነገረው ሰውም ጀግና እንደ ሆነ ያስታውሰዋል። በመጀመሪያው ፊልም ያን ካፖርት የደረበው ያን ጊዜ ተራ ፖሊስ የነበረው ጎርደን ራሱ ነው። ለእርሱ የዕለት ሥራው ነበረ፤ ምናልባትም ረስቶታል። ለሕፃኑ ግን ሕይወቱ ሁሉ ከዚያ ተነሣ። ሦስቱም ፊልሞች በአንድ ጊዜ የተሰፉት በዚህች ካፖርት ክር ነው።

ይህን ፊልም ስናነሣ ልንዘልለው የማይገባን አንድ እውነተኛ ኀዘን አለ። ፊልሙ በአሜሪካ አገር ለሕዝብ በታየበት በመጀመሪያው ሌሊት፣ በሐምሌ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ አንድ የታጠቀ ሰው በሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰዎች ገደለ፤ ብዙ ሰዎችም አቈሰለ። የሞቱት ፊልሙን ለማየት እስከ እኩለ ሌሊት የጠበቁ ወዳጆቹ ናቸው። በዚያ ሌሊት ካባ የለበሰ ማንም አልመጣም። የመጡት ፖሊሶች ነበሩ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ቍስለኞችን በገዛ መኪናዎቻቸው እያሳፈሩ ወደ ሐኪም ቤት አደረሱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ክሪስቲያን ቤል ያለ ጭምብልና ያለ ካባ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄዶ ቍስለኞችን ጠየቀ።

እንግዲህ በሕዝብ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ፊልም ሁለት ነገር ያስቀምጥለታል። አንደኛው በኪስ ያለች የታጠፈች ወረቀት ናት፤ ሁለተኛይቱ በሕፃን ትከሻ ላይ የተደረበች ካፖርት ናት። ሁለቱም የአንድ ሰው፣ የጎርደን፣ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያይቱን ጊዜው ሲደርስ አወጣታለሁ ብሎ ያቈያት ከተማይቱን ለእሳት ዳረጋት፤ ሁለተኛይቱን ግን ጊዜ ሳይጠብቅ ስለ ደረባት ከተማይቱን ከእሳት የሚያድን ሰው አስነሣች።